የአውሮፕላን ክንፍ ላይ ሪቬት አመታት፦ ከቀዳዳው እስከ መጨረሻው ላሜራ

ሁለት ሰዎች በአንድ ቀጭን ላሜራ ወዲያና ወዲህ ቆመዋል፤ አይተያዩም። አንዱ የአየር መዶሻ ጨብጧል። ሌላው እጁን እስከ ብብቱ ወደ ክንፉ ሆድ አስገብቶ አንዲት ከባድ የብረት ቁራጭ የሪቬቱ ጭራ ላይ አስደግፏል። ሪቬት ላሜራዎችን የሚያያይዝ አጭር የብረት ምስማር ነው፤ ጭራው ሲጨፈለቅ ሁለተኛ ራስ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ይህ መመሪያ በአብዛኛው የሚያወራው ግን ከእነዚያ ሁለት ሰከንዶች በፊት ስላለው ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ክንፌን ስሠራ ካበላሸኋቸው ሪቬቶች የሚበዙት የተበላሹት መዶሻው ሳይነካቸው ነበር፤ በቀዳዳው፣ በርዝመቱ ምርጫ፣ ሳይጸዳ በታለፈ ጠርዝ።

የምናገረው በቤት ጋራዥ ውስጥ ከኪት፣ ማለትም ለመገጣጠም ተዘጋጅተው ከሚሸጡ ክፍሎች፣ ስለሚሠራ የአሉሚኒየም አውሮፕላን ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አውሮራ ከተማ ያለው ቫንስ ኤርክራፍት የሚያመርታቸው አርቪ የተባሉ ኪቶች በዚህ መንገድ በየሰው ጋራዥ ተገጣጥመው ከ10,000 በላይ አውሮፕላኖች በረዋል። የእኔም ክንፍ የአርቪ-7 ነው። የአሜሪካ ሕግ አንድ አውሮፕላን በአማተር እንደተሠራ ተቆጥሮ እንዲመዘገብ፣ ከሥራው የሚበዛውን እጅ ሰውየው ለራሱ ትምህርትና መዝናኛ ሲል እንዲሠራው ይጠይቃል። የብረት ክንፍ ላይ ያ የሚበዛው እጅ መብሳት፣ ማጽዳትና ሪቬት መምታት ነው። ከዚህ በታች የምሰጣቸውን ቁጥሮች ከኪትዎ ስዕል ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነት ካገኙ የስዕሉን ይያዙ።

ሪቬቱን መለየት

ክንፍ ላይ ሁለት ዓይነት ሪቬት ይበዛል። አንዱ ራሱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከሥሩ በ100 ዲግሪ እየጠበበ የሚወርደው ኤኤን426 ነው፤ አየር በሚያገኘው ገጽ ላይ ከላሜራው ጋር እኩል ተኝቶ ይቀመጣል። ሌላው ድቡልቡል ራስ ያለው ኤኤን470 ሲሆን በውስጥ በኩል ይገባል፤ ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡትን ጎድኖች፣ ከሥር እስከ ጫፍ ከሚሄደው ዋና ተሸካሚ ማለትም ከስፓሩ ጋር ያያይዛል።

በከረጢቱ ላይ ‹ኤኤን426ኤዲ3-3.5› የሚል ጽሑፍ ቢያዩ አነባበቡ እንዲህ ነው። ኤዲ የሚለው 2117-ቲ4 የተባለውን የአሉሚኒየም ቅይጥ ያመለክታል። ቀጥሎ ያለው 3 የሪቬቱ ውፍረት ነው፤ በኢንች ሠላሳ ሁለተኛ ስለሚቆጠር 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 4 ቢል 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ርዝመቱ ሲሆን በኢንች አሥራ ስድስተኛ ይቆጠራል፤ 3.5 ማለት 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጠፍጣፋ ራስ ያለው ርዝመቱ ከነራሱ ይለካል፤ ድቡልቡሉ ግን ከራሱ በታች ያለው ብቻ ነው የሚቆጠረው።

የኤዲ ሪቬት ራስ መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ጎድጉዳ ትታያለች። ለስላሳው የንጹሕ አሉሚኒየም ሪቬት ይህች ነጥብ የለችውም፤ ሸክም በሚያርፍበት ቦታ ተሳስቶ እንዳይገባ እሷን ማየት ይበቃል። ሪቬት ነቅለው ማውጣት ሲኖርብዎት ደግሞ እንደገና ታገለግልዎታለች፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ለርዝመት ምርጫ ቀላል ስሌት አለ። የሚያያዙትን ላሜራዎች ውፍረት ይደምሩ፤ በዚያ ላይ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ይጨምሩ። የ0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ0.6 ሚሊ ሜትር ጎድን ላይ ቢያርፍ ድምሩ 1.4 ነው። የ2.4 ሚሊ ሜትር ሪቬት አንድ ተኩል እጥፍ 3.6 ነው። ስለዚህ 5 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። በእጅዎ ያለው ግን ወይ 4.8 ወይ 5.6 ይሆናል። ስዕሉ ቁጥር ከሰጠ ጥያቄው አለቀ፤ ካልሰጠ ሁለቱንም በቁራጭ ላሜራ ላይ ይምቱና ውጤቱን ይለኩ። ያጠረ ሪቬት በቂ ራስ አይወጣውም፤ ያለ ልክ የረዘመው ደግሞ ከመጨፍለቅ ይልቅ ወደ ጎን ይጋደማል። በሁለቱ ርዝመቶች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ ዓይን ይስታል፤ እያንዳንዱን መጠን በተለየ ቀለም ክዳን ባለው ብልቃጥ ያስቀምጡ። መሬት የወደቀችን ሪቬት ለክታችሁ ካልሆነ በቀር ወደ ብልቃጥ አትመልሷት፤ ይህ ለሁላችሁም፣ ለረዳቶቻችሁም ጭምር ነው።

ቀዳዳው

የዛሬ ኪቶች ላሜራዎቻቸው ተበስተው ይመጣሉ። ቀዳዳዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው መጠን ትንሽ ያነሱ ናቸው። ሥራው ጎድኑን፣ ስፓሩንና ላሜራውን በየቦታቸው አቀናጅቶ፣ በክሌኮ አጣብቆ፣ አንድ ላይ እንዳሉ መብሳት ነው። ክሌኮ ባለ ስፕሪንግ ጊዜያዊ መያዣ ነው፤ ብርማው ለ2.4 ሚሊ ሜትር፣ የመዳብ ቀለም ያለው ለ3.2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ብዙ መቶ ያስፈልግዎታል። በዚህ አይቆጥቡ።

ለ2.4 ሚሊ ሜትር ሪቬት ቁጥር 40 ፑንታ (2.49 ሚሊ ሜትር)፣ ለ3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት ቁጥር 30 ፑንታ (3.26 ሚሊ ሜትር) ይጠቀሙ። ትራፓኖው ፍጥነቱ ከፍ፣ ግፊትዎ ቀለል ይበል፤ ፑንታው ለላሜራው ቀጥ ብሎ ይቁም። ያዘነበለ ቀዳዳ ያዘነበለ ሪቬት ይወልዳል። ፑንታ ሲደነዝዝ መቁረጡን ትቶ መግፋት ይጀምራል፤ በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ይቀይሩት።

ከቀዳዳው መሐል እስከ ላሜራው ጠርዝ ያለው ርቀት ከሪቬቱ ውፍረት ሁለት እጥፍ ማነስ የለበትም። ይህም ለትንሹ 4.8፣ ለትልቁ 6.4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሪቬቶች ረድፍ በስዕሉ ላይ ሁለት ከሆነ ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የጃፓን አየር መንገድ በረራ 123 ከ520 ሰዎች ሕይወት ጋር የጠፋው፣ ከዓመታት በፊት በኋለኛው የግፊት ግድግዳ ላይ በተደረገ ጥገና ሁለት ረድፍ ሪቬት ሊሸከመው የሚገባውን ሸክም አንድ ረድፍ ብቻ እንዲሸከም ተደርጎ ስለነበር ነው። ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ይህን አደጋ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፤ አንዳችን ‹ይህስ ይለፍ› ለማለት ስንፈልግ የሚያየን ሰው የለምና።

ተበስቶ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ይፈታል። አዲስ ሠሪ እዚህ ላይ ልቡ ይከብደዋል፤ የተገጣጠመ ክንፍ አይቶ መልሶ መበተን ያሳዝናል። መበተን ግን ግዴታ ነው፤ ፑንታው በእያንዳንዱ ቀዳዳ አፍ ዙሪያ ስለታም የብረት ቅርፊት ትቷል። ቅርፊቱ በሁለት ላሜራዎች መካከል ከቀረ ያራርቃቸዋል፤ ሪቬቱ ሲመታ በዚያች ክፍተት ውስጥ ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ ላሜራዎቹን ምንም ኃይል አያገናኛቸውም። ከቀዳዳው የሚበልጥ ፑንታ በጣትዎ ይዘው አንድ ሁለቴ ያዙሩት፣ ይበቃል። አጥብቀው ካዞሩት ቀዳዳውን አፉን እያሰፉት ነው። የላሜራውን ጠርዞችም በጥሩ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጭረት ነው።

በዚሁ ምክንያት በላሜራ ላይ በሹል ብረት ምልክት አያድርጉ። በእርሳስም አይጻፉ፤ የእርሳሱ ግራፋይት እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን እንዲበላ ያደርጋል። ማርከር ይጠቀሙ።

ላሜራው ላይ የተለጠፈውን ሰማያዊ ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ መላጥ አያስፈልግም። ለኤሌክትሮኒክስ ብየዳ የሚያገለግል ትንሽ መበየጃ ጫፉን ክብ አድርገው በማስመሪያ ተከትለው በሪቬት ረድፎቹ ግራና ቀኝ ፕላስቲኩን በሙቀት ይቁረጡ፤ ረድፉ ላይ ያለው ሰርጥ ብቻ ይነሳል፣ የቀረው ከጭረት ይጠብቃል። ለዓመታት ግን አይተዉት፤ ከሥሩ እርጥበት ያቁራል።

ማጎድጎድና አፍ መክፈት

ጠፍጣፋው ሪቬት እኩል ተኝቶ እንዲቀመጥ ቀዳዳው ዙሪያ የራሱን ቅርጽ የሚቀበል ጎድጓዳ ቦታ ይፈልጋል። ቀጭን ላሜራ፣ ለምሳሌ የ0.6ና የ0.8 ሚሊ ሜትሩ፣ በወንዴና በሴቴ ፎርማ መካከል ተይዞ ይጎደጎዳል። ወፍራሙ የስፓር ከንፈር፣ ማለትም ላሜራው የሚያርፍበት ጠርዙ፣ ደግሞ የቀዳዳውን ዙሪያ እየጠበበ በሚወርድ ቅርጽ በሚቆፍር የ100 ዲግሪ መክፈቻ አፉ ይከፈታል።

ለማጎድጎድ ረጅም የብረት ክፈፍ ውስጥ ላሜራውን አስገብተው፣ ወንዴው ፎርማ ከውጭ በኩል ቀዳዳውን አልፎ ሴቴው ላይ ሲቀመጥ በመዶሻ አንዴ ጠንከር አድርገው ይመታሉ። በእጀታ የሚጫን ዓይነትም አለ፤ ድምፅ የለውም፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። አደጋው አንድ ነው፦ ወንዴው ቀዳዳውን ስቶ ላሜራው ላይ ቢያርፍና ቢመቱት አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል። ይህ ደርሶብኛል። ምሽት ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ የቀሩት ዐሥራ አምስት ያህል ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ። ከዋናው ቀዳዳ አጠገብ ሁለተኛ ቀዳዳ ተከፈተ፣ ሁለቱ ተያይዘው ስምንት ቁጥር መሰሉ። ያንን ላሜራ በገንዘቤ ሌላ አዘዝኩ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ምት በፊት ላሜራውን በሌላኛው እጄ ገፋ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ወንዴው ቀዳዳው ውስጥ ከሆነ ላሜራው አይንቀሳቀስም። ሲደክመኝ ደግሞ መብራት አጠፋለሁ።

በደንብ የተጎደጎደ ቀዳዳ ጠርዙ ጥርት ያለ ክብ መስመር ነው፤ መብራት አንጸባርቀው ሲያዩ ዙሪያው ሜዳ እንደሆነ ይቀራል። ዙሪያው እንደ ሳህን ሰርጎ ካዩ ምቱ ደካማ ነበር፤ እንደገና ይምቱት። ይህ ጉድለት አሁን ትንሽ ይመስላል፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን በክንፉ ገጽ ላይ እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይወጣል።

የስፓሩን ከንፈር አፍ ሲከፍቱ ጥልቀት የሚወስን መያዣ ያለው መክፈቻ ይጠቀሙ። እዚያ ላይ የሚያርፈው ሪቬቱ ሳይሆን የተጎደጎደው ላሜራ ሆድ ስለሆነ፣ ለሪቬት ብቻ ከሚከፈተው ትንሽ ጠለቅ ማለት አለበት። በግምት አይሥሩ፤ የተጎደጎደ ቁራጭ ላሜራ በእጅዎ ይዘው እያስቀመጡ ይሞክሩ፣ ሳይወዛወዝ ተጣብቆ ሲቀመጥ መያዣውን እዚያው ላይ ያጥብቁ።

ቀጭን ላሜራን በመክፈቻ መቆፈር ግን ፈጽሞ አይገባም። አፉ የላሜራውን ውፍረት ሙሉ ከበላ ቀዳዳው እንደ ቢላዋ የሰላ ጠርዝ ይቀረዋል፤ ስንጥቅም ከዚያ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሃዋይ ሰማይ ላይ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የላይኛው ሽፋኑ ተገንጥሎ ሲሄድ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር፤ የላሜራዎቹ ማጣበቂያ ሲለቅ ሸክሙ ሁሉ እንዲህ ስለታም አፍ ባላቸው ሪቬቶች ረድፍ ላይ አረፈ፣ ስንጥቆቹ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሄደው ተገናኙ።

ስለ ፀረ ዝገት ቀለም ሠሪዎች ሲከራከሩ ይውላሉ። የእኔ አቋም አጭር ነው፦ ላሜራዎች የሚደራረቡበትን ቦታ ሁሉ ቀቡ፣ ስስ አድርጉት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

ክንፉን ማቅናት

ላሜራ ሪቬት ከመመታቱ በፊት ጎድኖቹና ስፓሩ ብቻቸውን ሳሉ በእጅ እንኳ ሊጠማዘዙ ይችላሉ። ላሜራው ከተመታ በኋላ ክንፉ ያን ጊዜ የነበረውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ጠማማ ከነበረ ጠማማ ነው። ጠማማ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ክንፉን በማቆሚያው ላይ በጠርዙ ያቁሙት። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቱንቢ ከስፓሩ በሥሩና በጫፉ በኩል ያንጠልጥሉ፤ ከክሩ እስከ ኋለኛው ስፓር ያለውን ርቀት በሁለቱም ቦታ ይለኩ። እኩል እስኪሆን ማቆሚያውን ያስተካክሉ። ላሜራውን በክሌኮ ከያዙ በኋላ እንደገና ይለኩ። ሪቬት ልትጀምሩ ስትሉ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ።

ፀሐይ በጋራዡ በር ገብታ በአንድ ወገን ላሜራውን እያሞቀች ከሆነ ጥላ እስኪሆን ይጠብቁ። የ1.2 ሜትር አሉሚኒየም በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ያ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሪቬት ከታሰረ በኋላ ሲቀዘቅዝ የሚሄድበት የለውም።

መሣሪያና የአየር ግፊት

ለክንፍ ሥራ ሦስት ኤክስ የተባለው የአየር መዶሻ ይበቃል። ለጠፍጣፋ ሪቬት ሰፊ ጠፍጣፋ አፍ ያለው፣ ዙሪያውን የጎማ ቀለበት የከበበው፣ በትንሹ የሚወዛወዝ መምቻ ይግጠሙለት። ለድቡልቡሉ ደግሞ የራሱ ልክ የሆነ ጎድጓዳ መምቻ። አፉ ወደ ሰው ዞሮ፣ ወይም ባዶ አየር ላይ ቃታውን አይሳቡ፤ መምቻው ተወርውሮ ሊወጣ ይችላል።

ግፊቱ ለትንሹ ሪቬት ወደ 2 ባር፣ ለትልቁ ወደ 2.8 ባር ገደማ ሆኖ ይጀምር፤ ከዚያ በቁራጭ ላይ እየሞከሩ ያስተካክሉ። ሪቬቱ በአንድና በሁለት ሰከንድ መካከል ተመትቶ ካለቀ ግፊቱ ልክ ነው። ዝቅ ያለ ግፊት ጨዋ ይመስላል፣ ግን ይጎዳል፤ አሉሚኒየም በብዙ ትንንሽ ምት ሲደበደብ ይጠነክራል፣ ከዚያ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

መመከቻ ብረቱ፣ ማለትም የሪቬቱ ጭራ ላይ የሚደገፈው ከባድ ቁራጭ፣ ሪቬቱን የሚነካበት ገጽ እንደ መስተዋት ይለስልስ፤ በገጹ ላይ ያለ ጭረት ሁሉ ሪቬቱ ላይ ይታተማል። ማዕዘኖቹ ክብ ይሁኑ፤ ጎድኑን ሊነኩ የሚችሉትን ጎኖች በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ከቻሉ የተንግስተን ይግዙ። ዋጋው ይጎረብጣል፣ ግን ተንግስተን ከአረብ ብረት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ትንሽ ሆኖ ጠባብ ቦታ ይገባል፤ ለክንፌ ካወጣሁት ገንዘብ በምንም ያልተቆጨሁበት እሱ ነው።

በክንፉ ጠርዝ ላይ ያለውን ሁሉ በመጭመቂያ ፒንሳ ይጭመቁ፤ መዶሻ የሚያስፈልገው መጭመቂያው ለማይደርስበት ብቻ ነው። ወደ ክንፉ ከመሄድዎ በፊት በቁራጭ ላሜራ ላይ መቶ ያህል ሪቬት ይምቱ፤ ነቅለውም ያውጡ።

አመታቱ

የእኔ መካች፣ ማለትም መመከቻ ብረቱን የምትይዝልኝ፣ የእህቴ ልጅ ነበረች። ክንዷ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ክብደት ለመቀነስ በጎድኖቹ ላይ በተከፈቱት ማቅለያ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። መጀመሪያ ላይ ‹እሺ› የሚለውን ቃል ለሁሉም ነገር እንጠቀም ነበር፤ ተዘጋጅቻለሁ ለማለትም፣ ጨርሰናል ለማለትም። አንድ ቀን ‹እሺ› አለችኝ፣ መታሁ። እሷ ግን የቀደመው ሪቬት ደህና ነው ማለቷ ነበር፤ ብረቱ ከቀጣዩ ላይ ገና አልደረሰም። ሪቬቱ ያለ መመከቻ ስለተመታ ላሜራው ሰርጎ ቀረ። ‹ጋሼ፣ እኔ እኮ አልደረስኩም› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የማይመሳሰሉ ቃላት መረጥን፤ ጆሮ በመከላከያ ተሸፍኖ እንኳ የማይምታቱ።

1. መቺው ሪቬቱን ያስገባል፤ ራሱ ላይ ስስ ፕላስተር ይለጥፍበታል። ላሜራዎቹ ተጣብቀው መቀመጣቸውን በጣቱ ተጭኖ ያረጋግጣል።

2. መምቻውን ራሱ ላይ ቀጥ አድርጎ ያሳርፋል፤ ተጭኖ ይይዛል። ገና አይመታም።

3. መካቹ ብረቱን ጭራው ላይ ያሳርፋል፤ ለላሜራው ትይዩ መሆኑን በጣቶቹ ጫፍ ጎድኑን እየነካ ይገምታል። ከዚያ ‹አለሁ› ይላል።

4. መቺው ‹መጣሁ› ብሎ ይመታል። ‹አለሁ› ካልተባለ ቃታ አይነካም፤ ለዚህ ምንም ልዩ ሁኔታ የለም።

5. መካቹ ብረቱን እስከ መጨረሻው ምት ከሪቬቱ አያነሳም። መቺውም ድምፁ እስኪቆም መምቻውን አያላላም።

6. መካቹ በመብራት አይቶ ከሦስቱ አንዱን ይላል፦ ‹ደህና›፣ ‹ድገም› ወይም ‹ተበላሸ›።

የመቺው ግፊት ከመካቹ ግፊት መብለጥ አለበት። መካቹ ጠንክሮ ከገፋ የሪቬቱን ራስ ከጉድጓዱ ያነሳዋል፤ ላሜራውም ወደ ውጭ ያብጣል። የመካቹ ሥራ መግፋት ሳይሆን የብረቱን ክብደት በቦታው መያዝ ነው። ጆሮዎም ይማራል፤ ሪቬቱ ሲሞላ ድምፁ ከደፈነ ወደ ጠጣር ይለወጣል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቃታውን የሚለቁት በድምፁ ነው።

የላይኛው ላሜራ ላይ ሲመቱ ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር ይሂዱ። ክሌኮዎቹ በየሁለተኛው ቀዳዳ ይሁኑ፤ ባዶዎቹን ይምቱ፣ ከዚያ ክሌኮ እየነቀሉ የቀሩትን። ከዳር ወደ መሐል ከመጡ የተገፋው ላሜራ የሚሄድበት አጥቶ መሐሉ ላይ ያብጣል፣ ሲጫኑትም እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ክዳን ጠቅ ይላል።

ጆሮና ዓይን ሁለታችሁም ሸፍኑ። ጎረቤት ደግሞ አስቀድሞ ይነገረው፤ ይህ ድምፅ በተዘጋ በርም ያልፋል።

የተመታውን መለካት

በመዶሻ የተፈጠረው ራስ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል፣ ቁመቱ ግማሽ መሆን አለበት። ለ2.4 ሚሊ ሜትሩ ስፋት 3.6፣ ቁመት 1.2 ሚሊ ሜትር፤ ለ3.2 ሚሊ ሜትሩ ስፋት 4.8፣ ቁመት 1.6 ሚሊ ሜትር። ዝቅተኛው የሚታለፍበት ስፋት 1.3 እጥፍ ሲሆን ቁመቱ ከ0.4 እጥፍ ማነስ የለበትም። በየጊዜው በካሊፐር ከመለካት አንድ ጊዜ በቁራጭ ብረት መለኪያ ቀርጸው ሪቬቱ ላይ እያሳረፉ ቢያዩ ይፈጥናል።

በበቂ ካልተመታ ‹ድገም› ይሠራል። የተጋደመ ሪቬት ግን ሲጀምር ነው የሚቃናው፤ ብረቱን ከተጋደመበት በተቃራኒ ጠቀስ አድርገው ሁለት ሦስት ምት ይስጡት። ተጋድሞ ከተጨፈለቀ በኋላ መውጣት አለበት። ላሜራው ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ካገኙ መምቻው አዘንብሎ ነበር። ከፋብሪካው ራስ ሥር ስስ የመለኪያ ምላጭ ከገባ ራሱ አልተቀመጠም፤ ይህም አይታለፍም።

ከመንቀልዎ በፊት ግን ቆም ይበሉ። በመጠኑ ዝቅ ያለ ግን በወሰኑ ውስጥ ያለ ሪቬት፣ ተነቅሎ ቀዳዳው ከሰፋበት አዲስ ሪቬት ይሻላል። እኔ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ፍጹም ላድርግ ብዬ ከነቀልኳቸው ግማሹን ያህል አባብሻለሁ። ከወሰኑ የወጣውን ይንቀሉ፣ የቀረውን ይተዉት። ወሰኑን በጥርጣሬ ካዩት የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ኤሲ 43.13-1ቢ የተባለው ሰነድ ስለ ብረት መዋቅር የሚናገርበት አራተኛው ምዕራፍ አለ፤ አትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

ሲነቅሉ፣ ያቺ የራሱ መሐል ያለች ነጥብ ለፑንታዎ መነሻ ትሆናለች። በቁጥር 40 ፑንታ የራሱን ውፍረት ያህል ብቻ ይብሱ፤ ከዚያ በላይ ከሄዱ ላሜራውን እየበሉ ነው። ከፑንታው ጋር እኩል የሆነ የብረት ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ራሱ ይገነጠላል። ጭራውን ከወዲያ በኩል መመከቻ አጠገቡ አስደግፈው በቀስታ ይምቱት፤ ሳይደገፍ ከተመታ ጎድኑ ይታጠፋል። ቀዳዳው ከሰፋ፣ የጠርዝ ርቀቱ ከበቃ፣ ወደ 3.2 ሚሊ ሜትር ሪቬት ይሸጋገራሉ። ግንዱ ወፍራም፣ ራሱ ግን ትንሽ የሆነ፣ ለዚሁ ዓይነት ጥገና የሚሆን ኤንኤኤስ1097 የሚባልም አለ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጥቂት ገዝተው ያስቀምጡ።

የታችኛው ላሜራ

የታችኛው ላሜራ መጨረሻ ይመታል፤ ከእሱ በኋላ የክንፉ ሆድ ይዘጋል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ሌላ ዓይን ይጥሩ። በዊስኮንሲን ኦሽኮሽ የሚገኘው የሙከራ አውሮፕላን ማኅበር፣ ኢኤኤ፣ ሠሪዎችን የሚጎበኙ የቴክኒክ አማካሪዎች አሉት፤ ያለ ክፍያ ጋራዥዎ ድረስ መጥተው ያያሉ። እኔ ዘንድ የመጣው ሰው ኪሱ ውስጥ ካለች ትንሽ መስተዋት በቀር ምንም አልያዘም ነበር፤ ከኋለኛው ስፓር ሥር ሁለት ያልተመቱ ቀዳዳዎች አገኘ። ስድስት ወር ሙሉ በአጠገባቸው አልፌያለሁ።

የላይኛው ከመሐል እንደጀመረ ይህኛው ከጥግ ይጀምራል። ስዕሉ በሚያሳየው ጥግ ያሉትን ረድፎች መጀመሪያ ይምቱ፤ የቀረውን ላሜራ ሳይታጠፍ በዝግታ ወደ ኋላ ገልጠው ሌላ ሰው ይያዝልዎት፣ መካቹ እጁን በዚያ በኩል ያስገባል። ረድፍ በረድፍ እየመቱ ላሜራውን እያለቀቁ ይሄዳሉ። ቦታው እየጠበበ ሲመጣ መካቹ የሚያየው ስለማይኖር በጣቱ ጫፍ ብቻ ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ትንሽ መስተዋትና መብራት አስገብቶ ይመልከት። አትቸኩሉ፤ የእህቴ ልጅና እኔ በመጨረሻው ቀን የመታነው ሠላሳ ሁለት ሪቬት ብቻ ነበር።

የመጨረሻዋ ሪቬት ከተመታች በኋላ ቱንቢውን እንደገና ያንጠልጥሉና ይለኩ። ከዚያ ክንፉን በቀስታ ነቅነቅ አድርገው ጆሮዎን ያስጠጉ፤ ውስጥ የወደቀ ሪቬት ካለ ይንኳኳል፣ ክንፉን ወደ ጫፉ አዘንብለው በማቅለያ ቀዳዳዎቹ በኩል እያንከባለሉ ያውጡት።